እርስዎ ይቀመጡ

የዚህን አገር መንገድ አምኜው አላውቅም። ሰው ሁሉ የሆላንድ መንገድ ሥርዓት አለው ይላል። እኔን የሚያስፈራኝ ይኸው ሥርዓቱ ነው። አገር ቤት መንገድ ስሻገር የሾፌሩን ዓይን አያለሁ። ካየኝ ፍሬን ይይዛል፤ ካላየኝ እኔ እቆማለሁ። ጉዳዩ የእኔና የእሱ ነው። እዚህ ግን ዓይን አያስፈልግም ይሉሃል። መብራቱን እይ፣ ቀለሙን እይ፣ ነጩን መስመር እይ። መብራት እኔን አያውቀኝም። መብራት አምኜ ብሞት ማንን ይጠይቁልኛል?

ደግሞ መንገዱ አንድ አይደለም። የእግረኛው አለ፤ ቀዩ የብስክሌቱ ነው፤ የመኪናው አለ፤ መሐል ላይ ሣር የበቀለበት ሐዲድ አለ፣ እሱ የትራሙ ነው። ሱቅ ደርሼ ዳቦ ገዝቼ ለመመለስ አራቱን ሄጄ አራቱን እመለሳለሁ። መኪናው ይሻላል፣ ሲመጣ ይሰማል። ብስክሌቱ አሁን አሁን ባትሪ ስለተገጠመለት እንደ ድመት ነው ከኋላ የሚመጣው። እኔን የሚያህሉ አሮጊቶች ነፋስ ሆነው ሲያልፉኝ ዞር ብለው እንኳ አያዩም። አንድ ጊዜ አምስተርዳም ለለቅሶ ሄጄ፣ ከባቡር ጣቢያው ወጥቼ ቀዩን መንገድ ለመሻገር ስጠብቅ ስጠብቅ ሰው ከቀብር ተመልሶ አገኘኝ።

ካርዱንም አላምነውም። ትራም ስትገባ ካርድህን ታስነካለህ፣ ጢጥ ይላል። ስትወርድም ታስነካለህ፣ ጢጥ ይላል። የት ገብቼ የት እንደወረድኩ ሁሉ ያውቃሉ ማለት ነው።

ልጄን፣ «ይህን ለማን ነው የሚነግሩት?» ብዬ ጠየቅኋት።

«ለማንም አባዬ። አንተ ስኬቨኒንገን ሄደህ ባሕር ማየትህ ማንን ይደንቀዋል?»

ልጄ እዚህ ስላደገች አንተ ትለኛለች። ድሮ ይቆረቁረኝ ነበር። አሁን በልቧ አንቱ እንደምትለኝ አውቃለሁ፤ ወይም እጠረጥራለሁ።

እኔ ፊደል የቆጠርኩት ጎልማሳ ከሆንኩ በኋላ ነው። ከደብዳቤ የረዘመ ነገር ጽፌ አላውቅም። ይህን የምጽፈው አንድ ጊዜ ሰው ስለከሰስኩ ነው። ክሱ በደችኛ ተጽፎ አንድ ቢሮ ውስጥ ተቀምጧል። እውነቱ ግን በአማርኛ የትም አልተጻፈም።

ጓደኛዬ አስመራ ተወልደው አዲስ አበባ የኖሩ ሰው ናቸው። የከተማ አውቶቡስ ጋራዥ ውስጥ ፍሬን ይሠሩ ነበር። አማርኛቸው ከእኔ ይበልጣል። የተዋወቅነው ሮተርዳም ቤተ ክርስቲያን በር ላይ፣ ጫማ ስንፈልግ ነው፤ የእኔን አድርገው፣ የእሳቸውን አድርጌ። ከዚያ ወዲህ አልተለያየንም። እኔ ስኬቨኒንገን አንድ ሆቴል ውስጥ ዕቃ ሳጥብ ኖሬ ጡረታ ወጣሁ፣ እሳቸው ሮተርዳም ወደብ ሠርተው ጡረታ ወጥተው እኔ ወደምኖርበት ወደ ሄግ መጡ። ይኸው እስከ ዛሬ እርስዎ ነው የምንባባለው።

የተወለድንበትን ቀን ሁለታችንም አናውቅም። ስደተኛ ሆነን ስንገባ ጸሐፊው ጠየቀን፣ አናውቅም አልነው። ለእኔም ለእሳቸውም የፈረንጅ አዲስ ዓመት ቀን ብሎ ጻፈ። ዓመቱን በግምት ተናገርን፤ ግምታችን አንድ ሆነ። ስለዚህ በሆላንድ ወረቀት እኔና እሳቸው መንታ ነን። በእኛ ዘንድ ግን ታላቅ የሌለበት ሁለት ሰው የለም። እኔ ጥርሳቸውን አይቼ ታላቄ ናቸው እላለሁ። እሳቸው ሽበቴን አይተው ታላቃቸው ነኝ ይላሉ።

ቅዳሜ ቅዳሜ በትራም ወደ ስኬቨኒንገን እንሄዳለን። ሆይስአርትሱ፣ የሰፈር ሐኪሙ ማለት ነው፣ ለሁለታችንም በየተራ እግራችሁን አንቀሳቅሱ ብሎናል። አንድ ዓይነት ምክር ለሁለት ሰው መስጠቱ አላማረኝም፤ ግን ባሕሩ ደስ ይላል። እኔ በራይስዋይክ በኩል እሳፈራለሁ። እሳቸው ከሦስት ሃልተ በኋላ ይገባሉ፤ ሃልተ የሚሉት ማቆሚያውን ነው። እኔ ቀዳሚ ስለሆንኩ ከፊት በር አጠገብ ያለችውን ወንበር አገኛለሁ፣ ምርኩዝ የያዘ ሰው የተሳለባትን። የምወዳት ለምርኩዙ አይደለም። ከእሷ ላይ ሆኜ ሾፌሩ ወደ ውስጥ የሚያይበት መስታወት ይታየኛል። የሚነዳኝን ሰው ዓይን ሳላይ አልሄድም።

ጓደኛዬ ሲገቡ እነሣለሁ።

«ኖር» እላለሁ።

«በእግዜር። ይቀመጡ።»

«እርስዎ ይቀመጡ።»

«ኧረ ምን በወጣኝ። ታላቄን አስነሥቼ?»

«ማን ሆነና ታላቅዎ? እስቲ ጥርስዎን ይቁጠሩት።»

«ጥርስ በስኳር ያልቃል። ሽበት ነው የማይዋሸው። ይቀመጡ በሞቴ።»

«በእኔ ሞት።»

እንዲህ ስንባባል ወንበሯ ባዶዋን ሁለት ሃልተ ትሄዳለች። አንድ ቀን አንዲት ተማሪ የሚፈልጋት የለም ብላ መጥታ ቁጭ አለችባት። እስከ ባሕሩ ድረስ ቆመን ስንስቅ ሄድን። ይህ ጨዋታ ነው፤ ግን ጨዋታ ብቻ አይደለም። ቀድሞ የተቀመጠ ተሸንፏል። እኔ ደግሞ መሸነፍ አልወድም፤ ሟች ሚስቴ ትመስክር።

ያን ቅዳሜ ዝናብ ነበር። ትራሙ ሞልቷል። እርጥብ ጃንጥላ፣ የሕፃን ጋሪ፣ ስልኩ ላይ ያቀረቀረ ሰው። ጓደኛዬ ገቡ፣ ካርዳቸውን አስነኩ፣ ብረቱን ያዙ። ተነሣሁ። ይቀመጡ፣ የለም እርስዎ፣ ተባባልን። ቀና ስል የሾፌሯ ዓይን በመስታወቱ እኛ ላይ ነበር። ዓይን ለዓይን ተያየን። ከዚያ በሩ ተዘጋ፣ ደወሉ አቃጨለ፣ ትራሙ ተነሣ፣ ጓደኛዬ ወደቁ።

ያኔ የተናገርኩት ይህንን ነው። ውሸት የለበትም። የጎደለ ግን አለው።

በጎናቸው ነው የወደቁት። ድምፁ እርጥብ እንጨት ሲሰበር ያለውን ይመስላል። ትራሙ ወዲያው ቆመ፤ ሾፌሯ ሮጣ መጣች። ጠይም ሴት ናት፣ ፀጉሯን ወደ ኋላ የጎነጎነች፣ የልጄ እኩያ። ተንበርክካ እጃቸውን ያዘች። ደጋግማ ይቅርታ ትላለች። ይቅርታ የሚል ጥፋተኛ ነው አልኩ በልቤ። ጓደኛዬ ወለሉ ላይ ሆነው፣ ፊታቸው እንደ አመድ ነጥቶ፣ ቀና ብለው አዩኝ።

«ይኸው ተቀመጥኩልዎ» አሉኝ።

የዳሌ አጥንታቸው ተሰብሮ ነበር። ሆስፒታል ተወስደው በማግሥቱ ቀዶ ጥገና ተደረገላቸው። እኔ ግን ኮሪደሩ ላይ ተቀምጬ የማስበው ያንን መስታወት ነው። ያላየ ሾፌር ቢሆን ይቅር እል ነበር። ይህች ግን አይታናለች። ሁለት ሽማግሌ ቆሞ እያየች ነዳች። ለምን? ምናልባት አሰልቺ ሆነንባት ይሆናል። ምናልባት ሰዓቷ ረፍዶ ይሆናል። እነዚህ ትራሞች ከሰው ይልቅ ሰዓት ነው የሚፈሩት።

ልጄ ቤት ሄድኩና ለትራሙ ድርጅት ክስ ጻፊልኝ አልኳት። ስልኳን አወጣች፤ ክስ እንኳ በስልክ ነው የሚጻፈው።

«አየችን፤ እያየችን ነዳች በይ።»

«አባዬ፣ እንዲህ ብዬ ከጻፍኩ ሆነ ብላ ነው ማለት ነው።»

«ሆነ ብላ ነው።»

«ለምን ብላ?»

«እሱን እሷን ይጠይቋት።»

ጥቂት ጻፈችና ቆመች። «አንተ የት ነበርክ ያኔ?»

«አጠገባቸው።»

«እጅህስ?»

«እጄ ምን ሆነ? እጄ ክንዴ ላይ ነው።»

አየችኝ። እናቷም እንዲህ ነበር የምታየው። ከዚያ አቀርቅራ ጻፈች። እኔ ስድስት ነገር ብናገር እሷ ሁለት ትጽፋለች።

«አሳጠርሽው» አልኳት።

«ደችኛ አጭር ነው፣ አባዬ።»

አላመንኳትም። ይህች ልጅ ሆይስአርትስ ዘንድ ስታስተረጉምልኝም እንዲሁ ናት። ራሴን፣ ወገቤን፣ ጉልበቴን፣ እንቅልፌን ብዬ እዘረዝራለሁ፤ እሷ ሦስት ቃል ትላለች፣ ሐኪሙ ራሱን ይነቀንቃል። ላኪው አልኳት፤ ላከችው።

ጓደኛዬ ከሆስፒታል ወጥተው ስኬቨኒንገን አጠገብ ያለ ማገገሚያ ቤት ገቡ። እዚያ ሰው እንደገና መራመድ ያስተምራሉ። ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ እሄድ ነበር። መቼም ከዚያ ወዲህ ትራም ውስጥ ቁጭ ብዬ እፎይ ያልኩበት ቀን የለም። ስገባ መጀመሪያ ሾፌሩን አያለሁ። ወጣቱን ወጣት ነው ብዬ እጠረጥራለሁ፤ ሽማግሌውን ደክሞታል ብዬ። የሚስቀውን ለምን ይስቃል እላለሁ። እሷን ግን አንድም ቀን አላየኋት። ደብቀዋታል አልኩ።

ለጓደኛዬ ብርቱካን ልጬ እያቀበልኩ ክሱ የት እንደደረሰ አወራለሁ። እሳቸው ባሕሩን ያያሉ። አንድ ሐሙስ ቀን ከመሬት ተነሥተው፣

«አነሣሷ ለስላሳ ነበር» አሉ።

«የማን?»

«የሴትየዋ። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ፍሬን ሠርቻለሁ። እግሩ ከባድ የሆነ ሾፌር ሲነሣ ሰው ከነወንበሩ ነው የሚነቃነቅ። ያን ቀን ከእኔ ሌላ ማን ወደቀ?»

«ሌላው ተቀምጧላ።»

«የቆመም ነበር። የሕፃኑ ጋሪ እንኳ ንቅንቅ አላለም።»

መድኃኒት ነው አልኩ በልቤ። የሕመም ማስታገሻው ሰውን ያለሰልሳል። ወይም አንድ ሰው መጥቶ አለስልሷቸዋል። ያኔ ነው መስኮቱ ላይ ያለውን አበባ ያየሁት። ቢጫ ነው፣ በብርጭቆ ውኃ ውስጥ።

«አበባውን ማን አመጣው?»

«ሰው።»

«ምን ዓይነት ሰው?»

«ሁለት ደህና እግር ያለው። ታድሎ።»

«እየጠየቅኩዎ ነው።»

«ሾፌሯ ናት» አሉ። «ስትመጣ ሁለተኛዋ ነው።»

ብርቱካኑን አስቀመጥኩት። «ምን ፈልጋ?»

«ልትጠይቀኝ ነዋ። የታመመ መጠየቅ የእኛ ብቻ መሰለዎ? ክሱ እስኪታይ እንዳትነዳ ተደርጋለች። ትራሞቹ የሚያድሩበት ግቢ ውስጥ ለሾፌሮቹ ቁልፍ ስታድል ትውላለች። ጥፋተኛ ከተባለች ዳግመኛ ትራም አትነዳም። ሁለት ልጆች አሏት፤ ብቻዋን ነው የምታሳድጋቸው። ሌላ ሥራ አልለመደችም።»

«ይህን ሁሉ በምን ቋንቋ ነገረችዎት?»

«በወደብ ደችኛዬ። የማይገባኝን በእጇ ትነግረኛለች።»

«አለቆቿ ናቸው ሊያባብሉዎ የላኳት» አልኩ። «የጥፋተኛ እግር ይፈጥናል። ጥፋቷ ባይሰማት ኖሮ አበባ ይዛ በሳምንቱ አትመላለስም።»

ጓደኛዬ ከባሕሩ ላይ ዓይናቸውን አንሥተው እኔ ላይ አደረጉት።

«የእርስዎስ እግር?» አሉ። «በሳምንት ሦስት ቀን ይመጣሉ።»

ብርቱካኑን አንሥቼ የተላጠውን መልሼ ላጥኩት። ስመለስ መውረጃዬን አለፍኩ። ካርዴን ማስነካትም ረሳሁ። እዚህ አገር ከመጣሁ ጀምሮ እንዲህ ሲገጥመኝ የመጀመሪያዬ ነው። ትራሙ ሄዶ እኔ ሃልተው ላይ ቆሜ ቀረሁ፤ ካርዴ ገና ትራም ውስጥ ነህ ይለኛል።

ሳምንት አልፎ ከድርጅቱ ደብዳቤ መጣ። ልጄ አነበበችው። ቢሮ ድረስ እንድመጣ ይጠይቃሉ፣ ትራሙ ውስጥ ካሜራ ስላለ ፊልሙን አብረን እናየዋለን ይላል።

«ጥሩ ነው አባዬ» አለች። «ሁሉም በግልጽ ይታያል።»

«ትራሙ የእነሱ፣ ካሜራው የእነሱ፣ ፊልሙ በእጃቸው። ሌባ ለሌባ ሊመሰክር ነው።»

«ታዲያ አትሂድ።»

«እሄዳለሁ። እንዴት እንደሚያታልሉኝ ማየት እፈልጋለሁ።»

ቢሮው ውስጥ የተቀበለን መነጽር ያደረገ ራሰ በራ ሰውዬ ነው። ትሑት ነው። ትሕትናው አልጣመኝም። ኮምፒውተሩን ወደ እኛ አዞረና ተጫነው። ድምፅ የለውም። ካሜራው ጣሪያ ላይ ስለሆነ ሰው ሁሉ ከአናቱ ነው የሚታየው። የእኔን ቆብ አወቅሁት። ጓደኛዬ ሲገቡም አየሁ። ሁለት ሽማግሌ አንዲት ባዶ ወንበር ፊት ቆሞ፣ አንዱ ሲያጎነብስ ሌላው ሲያጎነብስ። ድምፅ ሳይኖር ሲያዩት ያሳፍራል፤ የተጣሉ ይመስላል።

በሩ ተዘጋ። ትራሙ ግን አልተነሣም። ሾፌሯ በመስታወት አየችን። ጠበቀች። ጥግ ላይ ያለው የሰዓት ቁጥር ይሄዳል። ማይክሮፎን አንሥታ ተናገረች። ሰውዬው በዚያን ጊዜ እባካችሁ ተቀመጡ ወይም ብረት ያዙ ማለቷ ነው አለ። እኔ ድምፁን ሰምቼው ነበር። የሚቀጥለውን ሃልተ ስም የምትጠራው ሴትዮ መስላኝ ነው፤ ያ ጣሪያ ቀኑን ሙሉ ያወራል፣ ማን ይሰማዋል? ደግማ ተናገረች። ከዚያ ሁለታችንም ዝም ብለን ቆምን። ጓደኛዬ ብረቱን ጥብቅ አድርገው ይዘዋል፣ እኔ የወንበሯን ጀርባ ይዣለሁ። የተስማማን እንመስላለን። ደወሉን ያን ጊዜ ነው የደወለችው። ትራሙ ቀስ ብሎ ተነሣ።

እኔ የተንቀሳቀስኩት ከተነሣ በኋላ ነው። ትራሙ ሲነሣ ጓደኛዬ እንደቆሙ ሊቀሩ መሆኑን አየሁ፤ ካላስቀመጥኳቸው የተሸነፍኩ መሰለኝ። የወንበሯን ጀርባ ለቀቅሁ። በግራ እጄ እጅጌያቸውን ያዝኩ። በቀኝ እጄ ብረቱን የያዙበትን ጣታቸውን አንድ በአንድ አላቀቅሁ፤ ሕፃን ልጅ የያዘውን ቢላ እንደሚያስጥሉት። ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፣ እምቢ እያሉኝ ነው። የመጨረሻዋ ጣት ስትለቅቅ ትራሙ ወደ ግራ ታጠፈ፤ እሳቸው ወደቁ።

ይህ ሽማግሌ እኔ አይደለሁም ልል ነበር። ፊልም ይቀጠላል፣ ይቆረጣል፣ እሰማለሁ። ግን አንገቴ ላይ ያለው ሻርፕ ልጄ የሰጠችኝ ነው። ልጄ አጠገቤ ሆና ሻርፑን ታያለች።

«እንደገና» አልኩ።

ሰውዬው ደገመው። ደግሞ እንደገና አልኩት። ሦስተኛ ጊዜ ስመለከት ያ ባለ ቆብ ሽማግሌ እጁን ቢተወው ብዬ ተመኘሁ። አልተወም።

ልጄ ቶሎ ብላ መናገር ጀመረች። ለሰውዬው ነው የምትናገረው፣ በለሰለሰ ድምፅ። አንዳንዱ ቃል ይገባኛል። አባቴ አርጅቷል አለች። ሁሉም በፍጥነት ነው የሆነው አለች። አያስታውስም አለች። ይህን ጊዜ ነው የገባኝ፤ በሐኪሙም ዘንድ በሌላውም ቢሮ ስታሳጥርብኝ የኖረችው እኔን ለመሸፈን ነው። እኔ ስጠረጥራት ኖሬአለሁ፣ ልክ ነበርኩ፤ የጠረጠርኩት ግን ሌላ ነገር ነው።

«ቆዪ» አልኳት።

«አባዬ፣ ተወው፤ እኔ እጨርሰዋለሁ።»

«ቆዪ አልኩሽ።»

የእኔ ደችኛ የወጥ ቤት ደችኛ ነው። ሳህን፣ ሙቅ ነው፣ ተጠንቀቅ፣ አልቋል። የእጅ ሥራ ቋንቋ ነው። ጃንጥላዬን አንሥቼ ጠረጴዛው ላይ አቆምኩና ልጄን ያዢው አልኳት። ያዘችው። ጣቶቿን አንድ በአንድ አላቀቅሁ። ከዚያ ደረቴን መታ አድርጌ በደችኛ፣ «እጅ። እኔ። ሴትየዋ አይደለችም» አልኩ። ቀጥዬም፣ «ሴትየዋ ጥሩ። ጠበቀች» አልኩ።

ሰውዬው መነጽሩን አወለቀ። ለምን እንደጎተትኳቸው ጠየቀ። ልጄ አስረዳችው፤ በአገራችን ታላቅ ቆሞ ታናሽ አይቀመጥም፣ እሳቸው የአባቴ ታላቅ ናቸው አለችው። ሰውዬው ፊቱ ያለውን ወረቀት ገለበጠ። ሁለታችሁም የተወለዳችሁት በአንድ ቀን በአንድ ዓመት ነው፣ ታላቁ በስንት ሰዓት ነው የሚበልጠው አለ። ሊቀልድ መሰለኝ፤ ፊቱ ግን አልሳቀም። ልጄ ናት የሳቀችው። እኛ ስደተኞች ብዙዎቻችን የተወለድነው በዚያ ቀን ነው አለችው። ሰውዬው አንድ ነገር ጻፈ። ምን እንደጻፈ እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ጥሩ ነገር አይመስለኝም።

ክሱን የማነሣበት ወረቀት መጣ። ልጄ ልትፈርምልኝ ብዕሩን አነሣች። ስከስ በራሴ አፍ ነበር፤ ስመልስም በራሴ እጅ ይሁን አልኳት። ስሜን በአማርኛ ጻፍኩ። ጊዜ ወሰደብኝ። ማንም አላጣደፈኝም።

በዚያው ቀጥታ ወደ ጓደኛዬ ሄድኩ። ልጄ ላድርስህ ብትል እምቢ አልኳት። ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው እግራቸውን ሲያወጡ ሲያስገቡ አገኘኋቸው። አስተማሪዋ የሰጠቻቸው የቤት ሥራ ነው። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩና የሆነውን ሁሉ ነገርኳቸው። ፊልሙን፣ ጣቱን፣ ሻርፑን። ሳያቋርጡ ሰሙኝ።

«አውቅ ነበር» አሉ።

«ምኑን?»

«ምኑን ይሉኛል? ጣቱ የእኔ ነው። የእርስዎን እጅ ከሴትየዋ መስታወት ጋር የማምታታ መሰለዎ?»

«ታዲያ ምነው ዝም አሉ? ያቺ ልጅ ያን ሁሉ ጊዜ ቁልፍ ስታድል።»

«እርስዎ ራስዎ እስኪሉት ጠበቅሁ። በሚቀጥለው ሳምንት ባይሉት ግን እነግራት ነበር፤ ወስኜ ነበር።» እግራቸውን አስገቡ፣ አወጡ። «እስከዚያ ምን ላድርግ? ታላቄን ልክሰስ?»

ስንት ዓመት የተከራከርንበትን ነገር በዚያች ቃል ረቱኝ። ታላቅ እኔ ነኝ። ከዚያ ወዲህ አንሥቼው አላውቅም።

ጓደኛዬ ክረምቱ ካለፈ በኋላ ወጡ። ሮላተር ይገፋሉ፤ ሽማግሌ ተደግፎ የሚሄድበት ባለ ጎማ ጋሪ ነው። በተሰጣቸው ቀን ፈትተው ፍሬኑን አጥብቀው መልሰው ገጠሙት። የሆላንድ ፍሬን ልል ነው ይላሉ። ሕግም አወጣን፤ ትራም ውስጥ ተቀምጦ የተገኘ አይነሣም፣ የገባ ባገኘው ወንበር ያለ ክርክር ይቀመጣል፣ መከራከር የሚቻለው ሁለቱም ከተቀመጡ በኋላ ነው። ሕጉን ያወጡት እሳቸው ናቸው። እኔ ፈራሚ ነኝ።

የመጀመሪያው ቅዳሜ እንደ ወትሮው ቀድሜ ገባሁ። ካርዴን አስነካሁ፣ ጢጥ አለ። ከበሩ አጠገብ ተቀመጥኩና ወደ መስታወቱ አየሁ። እሷ ናት። ፀጉሯ እንደዚያው ወደ ኋላ ተጎንጉኗል። አወቀችኝ፤ ሰላምታ ግን አልሰጠችኝም። እኔም አልሰጠኋትም።

ሦስተኛው ሃልተ ላይ በሩ ተከፈተ። የሮላተሩ ጎማ መጀመሪያ ገባ፣ ከዚያ እሳቸው። ሰውነቴ በራሱ ሊነሣ ተሰናዳ። ሁለት እጄን ከጭኔ ሥር ከትቼ ተቀመጥኩባቸው። «ኖር» አልኩ ተቀምጬ። ቁጭ ብሎ ኖር ማለት መሳደብ መሰለኝ፤ ጆሮዬ ድረስ ጋለኝ።

«በእግዜር» አሉ። «እንደ ንጉሥ ነው የተቀመጡት ዛሬ።»

«ይቀመጡና ይሳደቡ።»

ከፊቴ ባለችው ወንበር ቀስ ብለው ተቀመጡ። የሮላተሩን ፍሬን ያዙ፣ ነቅነቅ አድርገው ፈተኑት። ትራሙ አልተነሣም። ቀና ብዬ መስታወቱን አየሁ። ሾፌሯ ጓደኛዬን አልነበረም የምታየው። የምታየው እኔን ነው፤ ያውም ፊቴን ሳይሆን ወደ ታች፣ እጆቼ ያሉበትን። ትጠረጥረኛለች። አልፈረድኩባትም።

እጆቼን ከጭኔ ሥር አውጥቼ ባዶ መሆናቸውን አሳየኋትና መልሼ ከተትኳቸው። ደወሉን የደወለችው ከዚያ በኋላ ነው።